ጉንፋን ለሁሉም እኩል አይደለም

 

ቅዝቃዜው ሲጠና በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋማ ቀበሌዎች ሳል የማይሰማበት ቤት አይገኝም። መስጂድ ውስጥ ኢማሙ ሲቀሩ ከኋላ ሳል ይሰማል፤ መድረሳ ውስጥ ልጆች አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ ይቀራሉ። አንዱን «ምን ሆነሃል?» ብትሉት መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል»። እውነት ነው፣ ለብዙዎቻችን ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ግን ስለማያልፍላቸው ነው፤ ስለ ሁለት ወር ሕፃን፣ ስለ ነፍሰ ጡሯ እህት፣ ስለ ሰባ ዓመት አባት።

አሳባችንን ከወዲሁ በግልጽ እናስቀምጥ። በሽታውን ወደ ቤት የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ ጠንካራው የቤተሰብ አባል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ደካማው ነው። ስለዚህ የመጠንቀቅ ግዴታው ሊወድቅ የሚገባው በደካማው ላይ ሳይሆን በጠንካራው ላይ ነው። እኛ ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። አራሷን «በር ዝጊ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» እንላታለን፤ እያሳልን የምንገባውን ጠያቂዎች ግን ማንም «ተመለሱ» አይለንም።

«ጉንፋን» ስንል የትኛውን ነው?

በአማርኛችን «ጉንፋን» የምንለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ተራው ጉንፋን ነው። ይህን የሚያመጡት ብዙ ዓይነት ቫይረሶች ሲሆኑ፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ አፍንጫ ያፈስሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ትኩሳቱም ቀላል ነው። ሰውዬው ሥራውን እየሠራ ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ይህ በድንገት የሚጥል ሕመም ነው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ በብርቱ ትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን፣ ወገቡንና መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ታማሚው በሽታውን ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ገደማ አስቀድሞ ሲሆን፣ ከታመመ በኋላም ለ5 እስከ 7 ቀን ያስተላልፋል። ሕፃናት ደግሞ ከዚህም ለበለጠ ጊዜ ሊያስተላልፉ ይችላሉ።

በየዓመቱ የሚመላለሰው ኢንፍሉዌንዛ «ኤ» እና «ቢ» በሚባሉ ዓይነቶች ይከፈላል። ቫይረሱ መልኩን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ አምና የታመመ ሰው ዘንድሮ አይታመምም ማለት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው በኢንፍሉዌንዛ ይያዛል፤ ከእነዚህም ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆኑት በጽኑ ይታመማሉ፤ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚሆኑት ደግሞ በመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታሉ። ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ኢንፍሉዌንዛ ባስከተለው የሳንባ ሕመም ከሚሞቱት ሕፃናት ውስጥ 99 ከመቶ የሚሆኑት በታዳጊ አገሮች የሚገኙ ናቸው። እንግዲህ ይህ «የፈረንጅ በሽታ» አይደለም፤ ፈረንጅ አገር ያስተኛል፣ እኛ ዘንድ ግን ሕፃን ይቀብራል።

የኅዳር በሽታ ያስተማረን

አገራችን ኢንፍሉዌንዛን በደንብ ታውቀዋለች። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. (በ1918 እ.ኤ.አ) በዓለም ላይ የተዛመተው ታላቅ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ሕዝቡ በሽታውን «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠሉ ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚነገር ነው።

ከዚያ ወረርሽኝ የምናገኘው አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። በዘወትሩ ኢንፍሉዌንዛ በብዛት የሚሞቱት ሕፃናትና አረጋውያን ሲሆኑ፣ የ1918ቱ ግን በዓለም ዙሪያ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች ለይቶ አጭዷል። በ2009 (እ.ኤ.አ) የተነሣውና በብዙዎች ዘንድ «የአሳማ ጉንፋን» የተባለው ወረርሽኝም እንዲሁ ወጣቶችንና ነፍሰ ጡሮችን በእጅጉ ጎድቷል፤ በአንጻሩ ከ60 ዓመት በላይ የነበሩት ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ተቀራራቢ ቫይረስ አግኝቷቸው ስለነበር ከፊል መከላከያ ነበራቸው። ያ ቫይረስ ዛሬም አልጠፋም፤ ከዘወትሮቹ ቫይረሶች አንዱ ሆኖ በየዓመቱ ይመላለሳል። እንግዲህ «እኔ ወጣት ነኝ፣ ጉንፋን ምን ያደርገኛል?» የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ታሪክ ተሳስቷል ብሎ መልሶለታል።

ከጨቅላ እስከ አዛውንት

በሽታው በየዕድሜው ምን እንደሚመስል በቅደም ተከተል እንመልከት።

ከስድስት ወር በታች ያሉ ጨቅላዎች፦ እነዚህ ከሁሉም የባሰ አደጋ ላይ ናቸው። የመተንፈሻ ቱቦአቸው ጠባብ ነው፤ ትንሽ አክታ ይዘጋዋል። ለዚህ ዕድሜ የሚሆን የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም የለም። ደግሞም እንደ ትልቅ ሰው አያስሉም፣ «አመመኝ» አይሉም። ሕመማቸው የሚታወቀው ጡት እምቢ ሲሉ፣ ከልክ በላይ ሲያንቀላፉ ወይም ትንፋሻቸው ሲፈጥን ነው። ትኩሳት ሳይኖራቸውም በጽኑ ሊታመሙ ይችላሉ።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት፦ በዚህ ዕድሜ ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ጊዜ የጆሮ ሕመምን፣ ተቅማጥና ትውከትን፣ ከዚያም የሳንባ ምችን ያስከትላል። ሳንባው በቫይረሱ ከቆሰለ በኋላ ሌላ ባክቴሪያ ገብቶ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ ይህን ለመቋቋም አቅም አይኖረውም።

ከአምስት ዓመት በላይ ያሉ ተማሪዎች፦ እነዚህ ቶሎ ይያዛሉ፣ ቶሎም ይድናሉ። ችግሩ ግን ዋነኛ አስተላላፊዎች እነርሱ መሆናቸው ነው። ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ ያመጡትን ማታ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ያካፍሉታል።

ወጣቶችና ጎልማሶች፦ ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ከ3 እስከ 7 ቀን ተኝቶ ይነሣል፤ ሳሉ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። «ሥራዬ እንዳይበላሽ» እያለ ሳይድን ገበያ የሚወጣው፣ ታክሲ የሚሳፈረው፣ መስጂድ የሚገባው ይህ ወገን ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች፦ በእርግዝና ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይለወጣል፤ ማሕፀኑ ወደ ላይ ስለሚገፋም ሳንባ የሚሰፋበት ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት በኢንፍሉዌንዛ ለጽኑ ሕመም የመጋለጧ ነገር ከሌላዋ ሴት ይበልጣል። ምጥ ያለጊዜው እንዲመጣም ምክንያት ሊሆን ይችላል። «ነፍሰ ጡር ስለሆነች ነው የደከማት» ብሎ ዝም ማለት አደገኛ ነው።

አረጋውያን፦ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች የሰውነታቸው መከላከያ ስለሚደክም ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል። ይልቁንም ድንገት ይዝላሉ፣ ምግብ ይጠላሉ፣ ነገር ይምታታባቸዋል። ቤተሰቡም «አርጅተዋል» ብሎ ያልፈዋል። ካናዳ ውስጥ ተደርጎ በ2018 (እ.ኤ.አ) የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ኢንፍሉዌንዛ እንዳለባቸው በምርመራ በተረጋገጠ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ለልብ ድካም ድንገተኛ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ወደ 6 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አባታችን «በልብ ሞቱ» ስንል፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ማን እያሳለ እጃቸውን እንደሳመ አናስታውስም።

ከዕድሜ ውጭ አስም፣ የስኳር በሽታ፣ የልብና የኩላሊት ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎችም በማንኛውም ዕድሜ ከተጋላጮቹ ጋር ይቆጠራሉ።

ደጋው የሚጨምረው ችግር

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ስንወጣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያም በላይ በስሜን ተራሮች ሥር ሰዎች የሚኖሩባቸው መንደሮች አሉ። በደባርቅ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ጤነኛው የደጋ ሰው ለምዶታል። ሳንባው በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን ግን ከዚያች ጥቂት ኦክስጅን ላይ ነው የሚቀነስበት። ስለዚህ የቆላው ልጅ ሁለት ቀን የሚታገሠውን የደጋው ልጅ አንድ ቀን ላይታገሠው ይችላል።

በዚህ ላይ ብርዱን ፈርተን መስኮት እንዘጋለን፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ሆነን እንተኛለን፤ በኩበትና በእንጨት እናበስላለን። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ምድጃው አጠገብ ይውላል። ጭሱ የሳንባን መከላከያ እንደሚያዳክምና ለሕፃናት የሳንባ ምች ዋና ምክንያቶች ከሚባሉት አንዱ እንደሆነ በደንብ የታወቀ ነው። ታዲያ «በሽታውን ያባርራል» እያልን ቤት ውስጥ ማጨሳችን፣ ቡና ሲፈላም ሕፃን ባለበት ጠባብ ክፍል ዕጣን ማትጎልጎላችን ማንን ይጠቅማል? ጭስ ቫይረስ አይገድልም። የሚያቃጥለው የሕፃኑን ሳንባ ነው። የዕጣኑን ሽታ የምንወድ ከሆነ ሕፃኑና አዛውንቱ በሌሉበት፣ በር ተከፍቶ ይሁን። ምድጃውም ቢቻል ከመኝታው ይለይ፤ ካልተቻለም ጭሱ መውጫ ይበጅለት፣ ልጁም እሳቱ እስኪበርድ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ቀን ፀሐይ ስትወጣም መስኮቱን ለግማሽ ሰዓት መክፈት ማንንም አይገድልም።

ሳልና ጀመዓ

አሁን አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ወደሚችለው ነጥብ እንምጣ። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ፣ ሳሉ ያልቆመለት ሰው ወደ መስጂድ መምጣት የለበትም ብለን እናምናለን። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ይህን በግልጽ ሊናገሩ ይገባል እንላለን።

«ሰውን ከአላህ ቤት ልትከለክሉ ነው ወይ?» የሚለን ይኖራል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። የታመመ ሰው ከጀመዓና ከጁሙዓ ዑዝር እንዳለው በዑለሞቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅት ሕመሙ ሲጠናባቸው ሰዎችን እንዲያሰግዱ አቡበክርን (ረ.ዐ) አዝዘዋል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው እንኳን በጠረኑ ሰጋጆችን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ተነግሯል። የሽንኩርት ጠረን አንድ ሰዓት አስቸግሮ ይጠፋል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን ከሰጋጁ ጋር ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ለጠረን ይህን ያህል ጥንቃቄ የተደረገ ከሆነ፣ ለነፍስ ምን ያህል ሊደረግ ነው? የታመሙ ግመሎች ከጤነኞቹ ጋር እንዳይቀላቀሉም በሐዲስ መመሪያ ተሰጥቷል። ይህን የስሜን በግ አርቢ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የታመመችዋን በግ ለይቶ ያስራታል እንጂ ከመንጋው ጋር አያሰማራትም። ለበጎቻችን የምናደርገውን ለአባቶቻችን መንፈግ አይገባም።

«በአላህ መመካት የት ሄደ?» ለሚለውም፣ ግመሉን ሳያስር ተመክቻለሁ ላለው ሰው የተሰጠውን ምላሽ ሁላችንም እናውቃለን። ተወኩል ሰበብን ካደረሱ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በጤናው ጊዜ መልካም ሥራን ያዘወተረ ሰው ሲታመም ምንዳው እንደማይቋረጥበት በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ጀመዓን የሚወድ ሰው በታመመበት ሳምንት ቤቱ ቢሰግድ የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያተርፈው ግን ምናልባት የአጠገቡን አዛውንት ሕይወት ነው።

ይህ ሲባል አፍንጫው ትንሽ ያፈሰሰው ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። ትኩሳት ያለበት፣ ሳል የበረታበት ሰው ቢያንስ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከለቀቀው አንድ ሙሉ ቀን እስኪያልፍ ቤቱ ይቆይ። ሳሉ ብቻ የቀረው ሰው ደግሞ አፍና አፍንጫውን በጭምብል ወይም በሻሽ ሸፍኖ፣ ከአረጋውያን ራቅ ብሎ፣ በር አጠገብ ይስገድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስነጥሳቸው ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑ እንደነበር በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። እኛም በጨርቅ ወይም በክንዳችን መታጠፊያ እንሸፍን፤ በእጃችን ከሸፈንን ደግሞ ሰው ከመጨበጣችን በፊት እንታጠብ። ዉዱእ በቀን አምስት ጊዜ እጅ የሚያስታጥብ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ከዉዱእ በኋላ ሁሉም በአንድ ፎጣ የሚጠራረግ ከሆነ ያጠብነውን መልሰን እንደመቀባት ነው። የመስጂዱ የጋራ ፎጣ ይነሣ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይሠራል ወይ? በኮቪድ 19 ጊዜ በ2020 (እ.ኤ.አ) ዓለም ርቀቱን ሲጠብቅ፣ እጁን ሲታጠብና አፉን ሲሸፍን ኢንፍሉዌንዛ በብዙ አገሮች ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ ቀንሶ ነበር። «ቢ» ከሚባለው ዓይነት አንዱ ዘር፣ «ያማጋታ» የሚባለው፣ ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ) ወዲህ በተረጋገጠ መንገድ አልተገኘም። ያን ያህል እንጨነቅ አንልም፤ ከዚያ ጥቂቱን ብናስቀር ግን ብዙ እናድናለን።

ስለ ዘያራም አንድ ቃል። አራስ መጠየቅ፣ ዐቂቃ መብላት፣ ከሐጅ የተመለሰን መቀበል፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት የምንወዳቸው ልማዶቻችን ናቸው። ነገር ግን እያሳልን ሕፃን አንሳም። ልጁን ያልሳመ ሰው ልጁን አልጠላም። አራሷም «አክስቴ፣ ዛሬ ከበር ሆነሽ ዱዓእ አድርጊለት» ብትል ትዕቢተኛ አትባል። ይህን ለመናገር የምትፈራው እርሷ ብቻዋን ስለሆነች ነው፤ ባሏና አማቷ ቢናገሩላት ይቀላል። በስልክ መጠየቅም ዘያራ ነው።

በጓዳችን ያለው መድኃኒትና ምግብ

ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዕረፍትና ፈሳሽ ነው። ትኩስ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ሎሚ ያለበት ሻይ፣ ዝንጅብል ጉሮሮን ያለዝባሉ፣ ኃይልም ይሰጣሉ። ዳማከሴና ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በየቤታችን አሉ፤ ለትልቅ ሰው በልኩ ቢወሰዱ የሚያስከፋ የለም። ቫይረሱን ይገድላሉ ብሎ ሐኪም ጋ ሳይሄዱ መቆየት ግን ስሕተት ነው።

ማር የተባረከ ምግብ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅና ለአዋቂ ሳልን እንደሚያስታግስ ጥናቶችም አሳይተዋል። ነገር ግን ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ በአንጀቱ ውስጥ የሚያድግና ጡንቻን የሚያሰንፍ አደገኛ ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥም ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል የሚያድን ሳይሆን የሚያንቅ ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ምግቡም መድኃኒቱም የእናት ጡት ነው። እናትየዋ ራሷ ብትታመም እንኳ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ታጥባ፤ ወተቷ በሽታውን አያስተላልፍም፣ ይልቁንም የመከላከያ ኃይል ይሰጠዋል።

ከስድስት ወር በላይ የሆነ ልጅ ሲታመም «ሆዱ ይረፍ» ብለን ምግብ አናስቀር። ጥቂት ጥቂት እያልን ቶሎ ቶሎ እንስጠው፤ ከገንፎው ላይ እንቁላል ወይም ወተት ይጨመርለት፤ ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንት አንድ ተጨማሪ ምግብ በቀን ይብላ። አዛውንቱም ብርቱ ካልሆኑ የሚጠጡትን እናስታውሳቸው፤ ጥም አይሰማቸውም። በረመዷን የታመመ ሰው ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲከፍል አላህ (ሱ.ወ) አግርቶለታል፤ በኩራት ራሱን አይጉዳ።

ሁለት ነገር አጥብቀን እንቃወማለን። አንደኛ፣ ልጁ ሲያስለው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ። በዚህ ምክንያት ደም ፈሶአቸው ወይም ቁስሉ መርቅዞ የሞቱ ሕፃናት አሉ፤ እንጥል ከሳሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሁለተኛ፣ ከመድኃኒት መደብር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ። ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም። ያለቦታው ስንወስደው ለእውነተኛው የሳንባ ምች ሲያስፈልገን አይሠራም። ለልጆችና ለወጣቶች አስፕሪን አይሰጥ፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ብርቱ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደታቸው ልክ ይበቃል።

መቼ ነው የማንዘገየው?

እናቶች የልጃቸውን ትንፋሽ መቁጠር ይችላሉ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ደረት ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጡት ወይም መጠጥ እምቢ ያለ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ሊነቃ ያልቻለ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ብቻ እንኳ ቢኖረው ሐኪም ይየው።

ለአዋቂ ደግሞ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ፣ ነገር ሲምታታ፣ ወይም ትኩሳቱ ሻል ብሎ ከቆየ በኋላ ብሶ ሲመለስ ጊዜ መስጠት አይገባም። ይህ የመጨረሻው ምልክት ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል።

ለዚህ ክፍለ ሀገር የጤና ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1953 (እ.ኤ.አ) በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው እርሱ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። የሳንባ ምች የያዘውን ልጅ የምታክም እህት ከመንደራችን ብዙ ሩቅ አይደለችም። ወጣቷ «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ተብላ መናቋ ይቁም።

ክትባቱና ሐጃጆች

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ለብዙዎቻችን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ ተደርጎ በ2008 (እ.ኤ.አ) የታተመ ጥናት ግን ነፍሰ ጡር እናቶች ሲከተቡ ልጆቻቸው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በምርመራ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ የሚይዛቸው 63 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እናትየዋ ያገኘችው መከላከያ በእትብት በኩል ለልጁ ይተላለፋል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ጥቅም ያለው ነገር ለእናቶቻችንም እንዲደርስ መጠየቅ መብታችን ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን አናባክን። የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋና ዋናዎቹን የሚከላከሉ ክትባቶች በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ፤ አምስቱን በአንድ የያዘው ከ1999 ዓ.ም.፣ የኒሞኮካል ክትባት ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ። የልጁን የክትባት ካርድ አውጥቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሐጅ ለሚሄዱ ወላጆቻችን ደግሞ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት የማጅራት ገትር ክትባትን ግዴታ ያደረገ ሲሆን፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በተለይ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ይመከራል። ከየአገሩ በሚመጣ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ሳል መዛመቱ አይቀርም። ከተቻለ ቢያንስ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት መከተብ ይገባል። የተመለሱት ሐጃጆች እያሳሉ ከሆነም ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ይሰጣቸው፤ ዘምዘሙና ተምሩ የትም አይሄድም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ሶፍ ስንሠራ ትከሻ ለትከሻ የምንቆመው ጠንካራው ደካማውን እንዲደግፍ ጭምር ነው። በዚህ ብርድ ጠንካራው ለደካማው ሊያደርግለት የሚችለው ቀላሉ ነገር ሲታመም ቤቱ መቆየት ነው። በየመስጂዱ ያላችሁ ኢማሞች ይህን በአንድ የጁሙዓ ኹጥባ ብታነሡልን፣ የመድረሳ ኡስታዞችም ትኩሳት ያለበትን ልጅ ሳትቆጡ ወደ ቤቱ ብትመልሱልን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይሞላል።

አላህ (ሱ.ወ) ሕፃናቶቻችንንና አዛውንቶቻችንን ይጠብቅልን፣ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።